በቱሉ ዲምቱ የሚሠራው የኑክሊዮሶም ሞዴል፦ ከአንድ ወሰነ ትምህርት አገልግሎት በኋላ

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ አቃቂ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው የኮብልስቶን መንገድ ዳር፣ ታፔላ የሌለው አንድ የእንጨትና የብረት ሥራ ቤት አለ። ዋና ሥራው በር፣ መስኮትና የተማሪ ዴስክ ነው፤ ባለቤቱ ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ሞዴሎችን በትዕዛዝ መሥራት ጀምረዋል። እኔ በዚያው አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ስሆን፣ ባለፈው መስከረም ዲኤንኤ በሂስቶን ፕሮቲኖች ላይ ሲጠመጠም የሚያሳይ ሞዴል በ3,400 ብር አሠርቼ አንድ ሙሉ ወሰነ ትምህርት ተጠቅሜበታለሁ። ሌሎች መምህራን ስለ ዋጋውና ስለ ጥራቱ ደጋግመው ስለጠየቁኝ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ፕሮቲኖቹን የሚወክለው እንጨት ከከፈልሁት ዋጋ በላይ የሚያወጣ ሥራ ነው፤ ዲኤንኤውን የሚወክለው ጎማ ግን ሊያሳየው የሚገባውን ዋና ነገር፣ ማለትም ዲኤንኤው ሲጠመጠም የራሱ ቅርጽ እንደሚለወጥ፣ ደብቆ ያስቀራል።

ኑክሊዮሶም የሚባለው ኤች2ኤ፣ ኤች2ቢ፣ ኤች3 እና ኤች4 የተሰኙት የሂስቶን ፕሮቲኖች ሁለት ሁለት ሆነው፣ በድምሩ ስምንት ሆነው፣ በሚሠሩት እምብርት ላይ 147 ያህል የቤዝ ጥንዶች (በሁለቱ የዲኤንኤ ሰንሰለቶች መካከል እንደ መሰላል እርከን የተጋጠሙ ኬሚካሎች) ያሉት የዲኤንኤ ቁራጭ አንድ ዙርና ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሲጠመጠም የሚገኘው አሃድ ነው። ሞዴሉ አንድ ናኖሜትርን በሁለት ሴንቲ ሜትር መንዝሮ የተሠራ ነው። እውነተኛው ኑክሊዮሶም 11 ናኖሜትር ያህል ስፋትና 5.5 ናኖሜትር ያህል ቁመት ስላለው፣ ሞዴሉ 22 በ11 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አነስተኛ አገልግል ያክላል። የዲኤንኤው ውፍረት 2 ናኖሜትር ስለሆነ ጎማው 4 ሴንቲ ሜትር፣ የቁራጩ ርዝመት 50 ናኖሜትር ገደማ ስለሆነ ጎማው አንድ ሜትር ነው። ሞዴሉን ስረከብ በሜትር ለክቼ አረጋግጫለሁ፤ በዚህ በኩል ባለሙያው እንከን የለባቸውም።

ይህ መመንዘሪያ ለክፍል ውስጥ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህንኑ በሞዴሉ መጠን ስናሰላው 40,000 ኪሎ ሜትር ጎማ ይወጣዋል፣ ይኸውም ምድርን በወገቧ አንድ ጊዜ የሚዞር ማለት ነው። ተማሪዎቼ ምድርን ዞረው ስለማያውቁ፣ ከሰፈራችን ደጃፍ ከሚነሳው የአዲስ አበባ - አዳማ የፍጥነት መንገድ ጋር አነጻጸርሁላቸው፤ ጎማው ከዚያ መንገድ ርዝመት ከ400 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ያ ሁሉ ጎማ የሚገባበት ኒውክለስ ግን በዚሁ ልኬት ከ120 እስከ 200 ሜትር ስፋት ያለው ድቡልቡል ነገር ነው። በአንድ ሴል ውስጥ 30 ሚሊዮን ገደማ ኑክሊዮሶሞች ለምን እንዳስፈለጉ ከዚህ ስሌት በኋላ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። ባለሙያው ለዲኤንኤው የመረጡት የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ነው። ጎማው ለመጠምጠም ስለሚመች ሥራቸውን አቅልሎላቸዋል፤ ችግሩም ያው መመቸቱ ነው። ዲኤንኤ በዚህ ርቀት ሲታይ ጎማ አይደለም። አንድ ረጅም ሞለኪውል መነሻ አቅጣጫውን ጠብቆ ምን ያህል እንደሚዘልቅ የሚለካበት ርዝመት አለ፤ ለዲኤንኤ ይህ ርዝመት 50 ናኖሜትር ገደማ፣ ማለትም 150 ያህል የቤዝ ጥንድ ነው። ልብ ይበሉ፤ በኑክሊዮሶም ላይ የሚጠመጠመው ቁራጭ ርዝመትም ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለራሱ ቢተው እንደ በትር ቀጥ ብሎ ሊቆም የሚቃጣው ቁራጭ ነው ተይዞ ከአንድ ዙር ተኩል በላይ የሚጠመጠመው። ቤዞቹ እንደ ተደራረበ ሳንቲም አንዱ በሌላው ላይ ተጭነው መቀመጣቸውና በሁለቱ ሰንሰለቶች ላይ የተደረደሩት የፎስፌት ቡድኖች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት ይዘው እርስ በርስ መገፋፋታቸው ዲኤንኤውን ግትር ያደርጉታል። ይህን ግትርነት የሚረታው ሂስቶኖቹ ላይሲንና አርጂኒን በተባሉ አዎንታዊ ሙሌት ባላቸው አሚኖ አሲዶች የበለጸጉ መሆናቸው ነው፤ ፎስፌቶቹን ስበው በብዙ ቦታ ስለሚይዙ ለማጉበጥ የሚወጣው ኃይል ከመያያዙ በሚገኘው ይካካሳል። ሞዴሉ ከዚህ ትግል አንዱንም አያሳይም። በወሰነ ትምህርቱ ፈተና ላይ ከአንድ በላይ ተማሪ «ዲኤንኤ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጠመጠማል» ብሎ ጽፎልኛል፤ ጥፋቱ የተማሪዎቹ ሳይሆን የጎማው፣ እንዲሁም ጎማውን ይዤ የቆምሁት የእኔ ነው።

በጠባዩ የከፋው ስሕተት ግን ይህ አልነበረም። መጀመሪያ የተረከብሁት ሞዴል ጎማው ወደ ቀኝ የተጠመጠመ ነበር። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ምክንያቱም በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ አቅጣጫዎች አሉ። የዲኤንኤው ሁለት ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው የሚጠማዘዙት ወደ ቀኝ ነው፤ ያ ድርብ ጥምዝ በጠቅላላው በሂስቶኖቹ ዙሪያ የሚጠመጠመው ግን ወደ ግራ ነው። ሞዴሉን በማግስቱ ይዤ ተመለስሁ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ወደ ግራ ነበር መዞር ያለበት» አልኋቸው።

እርሳቸውም ሞዴሉን አንስተው ከላይ ወደ ታች ገለበጡትና፣ «ይኸው መምህር፣ አሁን ወደ ግራ ሆነልዎት» አሉኝ።

አልሆነም። ጥምዝ ነገር ተገልብጦ አቅጣጫውን አይቀይርም፤ የሚቀየረው በመስታወት ውስጥ ሲታይ ብቻ ነው። ይህን በቃል ለማስረዳት ብደክምም አልተሳካልኝም። በመጨረሻ ከመሳቢያቸው አንድ ብሎን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ብሎኑን አንድ ጊዜ ቀጥ አድርገው፣ አንድ ጊዜ ገልብጠው ጥርሱን ተመለከቱት፤ ዳዶውን ከሁለቱም ጫፍ ሞከሩት፤ ከዚያም ሳቅ አሉና፣ «እጄ የለመደው በቀኝ ስለሆነ ነው፤ ሐሙስ ይምጡ» አሉኝ። ሐሙስ ስሄድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተስተካክሎ ጠበቀኝ። ስሕተቱን አምኖ በራሱ ወጪ የሚያርም የእጅ ባለሙያ በቀላሉ ስለማይገኝ፣ ይህን ከሥራ ቤቱ መልካም ጎን እቆጥረዋለሁ። ገዢዎች ግን ከመክፈላቸው በፊት ራሳቸው ይፈትሹ፦ ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ በጠፍጣፋ ጎኑ ተቀምጦ ሲታይ፣ ፊት ለፊት የሚታየው የጎማ ክፍል ከታች ቀኝ ተነሥቶ ወደ ላይ ግራ መውጣት አለበት። በጎማው ላይ የተጠመጠሙት ሽቦዎች ደግሞ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቢያዝ፣ ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ መውጣት አለባቸው።

ሽቦዎቹን ካነሣሁ ዘንድ በጣም ወደሚያሳስበኝ ጉዳይ ደርሻለሁ። ባለሙያው ሁለቱን የዲኤንኤ ሰንሰለቶች ለማሳየት ቀይና ጥቁር የኤሌክትሪክ ሽቦ በጎማው ላይ ጠምጥመዋል፤ የጠመጠሙት ግን በእኩል ርቀት ነው። በእውነተኛው ዲኤንኤ ሁለቱ ሰንሰለቶች በእኩል ርቀት ስለማይሄዱ በመካከላቸው አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ቦይ ይፈጠራል፤ ሰፊው 2.2 ናኖሜትር፣ ጠባቡ 1.2 ናኖሜትር ያህል ናቸው። በሞዴሉ ልኬት 4.4 እና 2.4 ሴንቲ ሜትር መሆን ነበረባቸው ማለት ነው። ይህ የጌጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ዲኤንኤው በሂስቶን ላይ ሲሆን ምን እንደሚደርስበት የሚታየው በእነዚህ ቦዮች ላይ ነው።

ክንዳችንን ስናጥፍ ከክርናችን በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ እንደሚሰበሰብና በውጭ በኩል ያለው እንደሚወጠር ሁሉ፣ ዲኤንኤው ሲጎብጥም ጠባቡ ቦይ ወደ ፕሮቲኑ ፊቱን ባዞረበት ቦታ ከወትሮው ይበልጥ ይጠብባል፤ ግማሽ ዙር አልፎ ወደ ውጭ ባዞረበት ቦታ ደግሞ ይሰፋል። ይህ መጥበብና መስፋት በየአሥር ቤዝ ጥንዱ ገደማ ይደጋገማል። በጠበበው ቦታ ከሁለት ወገን ያሉት ፎስፌቶች ስለሚቀራረቡ አሉታዊው የኤሌክትሪክ ኃይል ይበረታል፤ በዚያም ቦታ የሂስቶኑ አርጂኒን ጣቱን እንደሚያስገባ ሰው ወደ ቦዩ ይገባል። እንዲህ ያሉ የመያያዣ ቦታዎች በኑክሊዮሶሙ ላይ 14 ናቸው። ባለሙያው ይህንን ከሰጠኋቸው ሥዕል አይተው 14 የናስ ሚስማሮች በእንጨቱ ላይ መትተዋል፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ አመታቱም ያምራል። ነገር ግን ሽቦዎቹ በእኩል ርቀት ስለተጠመጠሙ ሚስማሮቹ አንዳንዴ ቦይ ላይ፣ አንዳንዴ ሽቦው ላይ ያርፋሉ፤ አንዱ ሚስማር የሽቦውን ልባስ ልጦታል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው ፕሮቲኑ ዲኤንኤውን ያገኘበት ቦታ ሁሉ እንደሚይዝ ነው፤ ያ ደግሞ ስሕተት ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላም ነገር አለ። ሁሉም የዲኤንኤ ጽሑፍ እኩል አይጎብጥም። አዴኒንና ታይሚን የተባሉት ቤዞች ተከታትለው የተቀመጡባቸው ቦታዎች ጠባቡን ቦይ ወደ ውስጥ ለማጥበብ ያመቻሉ፤ ጉዋኒንና ሳይቶሲን የሚበዙባቸው ደግሞ ቦዩ ወደ ውጭ በሚሰፋበት በኩል ይስማማቸዋል። ይህ ዝንባሌ በየአሥር ጥንዱ እየተደጋገመ እንደሚታይ እ.ኤ.አ. በ1986 ከዶሮ የተወሰዱ ኑክሊዮሶሞችን ዲኤንኤ በማንበብ ተረጋግጧል። የጂን ጽሑፍ የፕሮቲን አሠራር መመሪያ ብቻ ሳይሆን የት መታጠፍ እንደሚቀልም ጭምር በውስጡ ይይዛል ማለት ነው። እኔ ይህን ለማሳየት በጎማው ላይ በየሰባት ሴንቲ ሜትሩ ቢጫ ፕላስተር ለጠፍሁበት። ወጪዬ 40 ብር ሲሆን፣ በሞዴሉ ላይ ካሉት ነገሮች ሁሉ ተማሪዎቹን ይበልጥ ያናገራቸው ይኸው ፕላስተር ነው።

የጎማው ሌላ ጉድለት ልስልስ ብሎ በክብ መጠምጠሙ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውና ለባለሙያውም የሰጠኋቸው ሥዕል እ.ኤ.አ. በ1997 ካሮሊን ሉገር፣ ቲሞቲ ሪችመንድና ባልደረቦቻቸው በዙሪክ በኤክስሬይ አማካይነት በ2.8 አንግስትሮም ጥራት ያሳዩት መዋቅር ነው (አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ አሥረኛ ሲሆን፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ምስሉ ይጠራል)። ከዓመታት በኋላ የጥራት መጠኑ ወደ 1.9 አንግስትሮም ሲደርስ፣ ዲኤንኤው በሂስቶኖቹ ዙሪያ የሚሄደው እንደ ቀለበት እኩል እየጎበጠ እንዳልሆነ በግልጽ ታየ። በአንዳንድ ቦታ፣ በተለይም ጠባቡ ቦይ ወደ ውስጥ በሚዞርበት፣ ስብራት መሰል ድንገተኛ እጥፋት አለ፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ቤዝ ጥንዶቹ አንዱ በሌላው ላይ ወደ ጎን ሸርተት ይላሉ። የየእርምጃው ጉብጠት ተደምሮ ሲታይ ያንን ዙር ለመዞር ከሚያስፈልገው እጥፍ ያህል ይሆናል። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ የሚወርደውን መንገድ የሄደበት ሰው ይህ አይከብደውም፤ መኪናው ለመውረድ ከሚያስፈልገው በላይ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል፣ በካርታ ላይ ግን መስመሩ ወደ ሰሜን የሚሄድ ብቻ ይመስላል። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጥንዶች ደግሞ ጉብጠታቸው አነስተኛ ሆኖ ወደ ቀጥታ ይጠጋሉ። ጎማው ይህን ሁሉ ወደ አንድ ለስላሳ ክብ አድርጎታል።

ሽቦዎቹን በተመለከተ አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ቁጥራቸው። መጀመሪያ በመጣው ሞዴል ላይ ሽቦው በጎማው ዙሪያ የዞረው 11 ጊዜ ነበር። በነጻነት በውኃ ውስጥ ያለ ዲኤንኤ አንድ ዙር ለመዞር 10.5 ያህል የቤዝ ጥንድ ይወስድበታል፤ በሂስቶን ላይ ሲጠመጠም ግን ይህ ወደ 10.2 ይወርዳል። ስለዚህ 147 ጥንዶች በነጻነት 14 ዙር ሲኖራቸው፣ በኑክሊዮሶም ላይ 14.4 ዙር ይሆናሉ። ሲታረም ሽቦው 14 ዙርና ትንሽ ትርፍ እንዲሆን አሳስቤ ተስተካክሏል። ልዩነቱ ከግማሽ ዙር ያነሰ ቢሆንም ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ዲኤንኤው ይከርራል።

መክረር የሚለውን ቃል የመረጥሁት አውቄ ነው። እናቴ ጥጥ ስትፈትል አጠገቧ ተቀምጬ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ከልቃቂቱ ጫፍ ላይ ክር የሳበ ሰው በእያንዳንዱ ዙር ክሩ አንድ ጊዜ እንደሚከርር ወይም እንደሚላላ በዓይኔ አይቻለሁ። መጠምጠምና መክረር አንዱ በሌላው ላይ የሚመነዘሩ ናቸው። ተመራማሪዎች ክብ የሆነ ዲኤንኤ ላይ ኑክሊዮሶሞችን አስቀምጠው ሲለኩ አንድ ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ጉዳይ ገጥሟቸዋል፦ ዲኤንኤው ወደ ግራ አንድ ዙርና ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢጠመጠምም፣ በሁለቱ ሰንሰለቶች የመተሳሰር ቁጥር (አንዱ ሰንሰለት ሌላውን ስንት ጊዜ እንደሚዞር በሚናገረው ቁጥር) ላይ የሚታየው ለውጥ በአንድ ኑክሊዮሶም አንድ ገደማ ብቻ ነበር። የጎደለው የት ሄደ? ከፊሉ መልስ በዚሁ መክረር ውስጥ ነው፤ ወደ ግራ መጠምጠሙ የቀነሰውን ወደ ቀኝ መክረሩ በ0.4 ያህል መለሰው። የቀረው ጥምጥሙ ጠፍጣፋ ሳይሆን እንደ ደረጃ እየወጣ በመሄዱ የሚመጣ ነው። ይህን ስሌት በሰሌዳ ላይ ከሠራሁ በኋላ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ የነጠላዋን ዘርፍ በጣቷ እያከረረች ለጎረቤቷ ስታስረዳ አየሁና አላቋረጥኋትም።

ስለ እንጨቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ስምንቱ ሂስቶኖች ከዋንዛ ተጠርበው በማግኔት እንዲገጣጠሙ ተደርገዋል። ኤች3 ሰማያዊ፣ ኤች4 አረንጓዴ፣ ኤች2ኤ ቢጫ፣ ኤች2ቢ ቀይ ተቀብተዋል፤ ይህም በዙሪኩ ሥዕል ላይ ያለው የቀለም አመዳደብ ነው። ኤች3 እና ኤች4 መጀመሪያ አራት ሆነው ይገጥማሉ፤ ሁለቱ የኤች2ኤና ኤች2ቢ ጥንዶች ከግራና ከቀኝ ኋላ ይጨመራሉ፤ ማግኔቶቹ ሌላ ቅደም ተከተል እሺ እንዳይሉ ተደርገው መቀመጣቸውን ሳይ ባርኔጣዬን ባወልቅ ደስ ባለኝ ነበር። አረንጓዴው ቀለም ብቻ በሁለት ወሩ መላጥ ጀምሯል። የሚገርመው የተላጠው የኤች4 ቀለም መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም በተፈጥሮ ውስጥ ከእርሱ የጸና ፕሮቲን ጥቂት ነው። የአተርና የላም ኤች4 ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ ከ102 አሚኖ አሲዶች የሚለያዩት በሁለቱ ብቻ ነው። የዙሪኩ ቡድንም የተጠቀመው የአፍሪካ ጥፍራም እንቁራሪት ሂስቶኖችንና ከሰው የተወሰደ የዲኤንኤ ተከታታይ ሲሆን፣ ሁለቱ ያለ ችግር ተገጣጥመዋል። ሂስቶን ራሱ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1884 በአልብረሽት ኮሰል ከዝይ ደም ነበር፤ ስምንቱ ሆነው ዲኤንኤውን እንደሚሸከሙ የተገለጸው ግን በሮጀር ኮርንበርግ እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

የሂስቶኖቹን ጭራዎች፣ ማለትም ከእምብርቱ ወደ ውጭ የሚወጡትን የፕሮቲኖቹን ልል ጫፎች፣ ባለሙያው ከጠፍር ሠርተው በእንጨቱ ላይ በሙጫ አጣብቀዋቸዋል። ጠፍሩ ደስ ይላል፤ አቀማመጡ ግን ልክ አይደለም። የኤች3 እና የኤች2ቢ ጭራዎች የሚወጡት የላይኛውና የታችኛው የዲኤንኤ ዙር ጠባብ ቦዮች ተገጣጥመው በሚሠሩት ሽንቁር በኩል ነው። ሽቦዎቹ ልክ ካልሆኑ ሽንቁር አይኖርም፤ ሽንቁር ከሌለ ጭራው የሚያልፍበት የለውም። አንድ ጉድለት ሌላውን ሲወልድ የሚታየው እንዲህ ነው።

በአንጻሩ እንደ ብልሽት የተቆጠረ አንድ ነገር እኔን እጅግ አስደስቶኛል። የጎማውን ሁለት ጫፎች ከእንጨቱ ጋር የያዙት ማግኔቶች ደካማ ስለሆኑ፣ በክፍል ውስጥ ሞዴሉ ሲነካካ ጫፎቹ በራሳቸው ይላቀቃሉ። ባለሙያው ሲሰሙ ይቅርታ ጠይቀው በጠንካራ ሊለውጡልኝ ፈለጉ፤ እኔ ግን እንዳይነኩት ለመንኋቸው። እውነተኛው ዲኤንኤም ከጫፎቹ በኩል በቅጽበት ይላቀቅና መልሶ ይጠመጠማል፤ ሌሎች ፕሮቲኖች የተሸፈነውን ጽሑፍ የሚያገኙበት አንዱ መንገድም ይህ ነው። ወደ መሃል በተጠጋን ቁጥር የመላቀቅ ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። በሞዴሉም እንዲሁ ነው፤ መሃሉን ለማላቀቅ የሞከረ ጎረምሳ እንጨቱን ከነጠረጴዛው ጎትቶታል።

ኤች1 የተባለው ሂስቶን በሞዴሉ ውስጥ የለም። ዲኤንኤው በሚገባበትና በሚወጣበት በኩል ተቀምጦ የተያዘውን ርዝመት ወደ 166 ጥንድና ወደ ሁለት ሙሉ ዙር የሚያደርሰው እርሱ ስለሆነ፣ 450 ብር ጨምረው ቢያሠሩት ይሻላል። እኔ በቁጠባ ተውሁት፣ አሁን ይቆጨኛል። ባለሙያው በሌላ በኩል ስድስት ኑክሊዮሶሞችን በሥርዓት አደራርበው ወፍራም ገመድ መሰል ነገር ሊሠሩልኝ ሐሳብ አቅርበው ነበር። አልተቀበልሁም፤ በመማሪያ መጻሕፍት የምናየው 30 ናኖሜትር ውፍረት ያለው ወጥ ገመድ እ.ኤ.አ. በ2017 የሰው ሴሎች ኒውክለስ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ አልተገኘም፤ የታየው ከ5 እስከ 24 ናኖሜትር የሚለዋወጥ ሥርዓት የለሽ ሰንሰለት ነው።

ማጓጓዝን በተመለከተ፣ ሥራ ቤቱ ዕቃ አያደርስም። አራት ኪሎ የሚመዝነውን ሞዴል በሚኒባስ ይዤ ስገባ ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፍሎኛል፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ደግሞ ለየትኛው ጀበና የሚሆን ማቶት እንደሆነ ጠየቁኝ። ማዳበሪያ ወይም ካርቶን ይዞ መሄድ ይመከራል። ቀብድ ግማሽ ነው፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ፤ የተባለው ቀን በአንድ ሳምንት ቢያልፍ አይግረማችሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛ ትዕዛዝ ይዤ ሄጄ ነበር። በጎማው ፈንታ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ጠንካራ የፕላስቲክ ቧንቧ እንዲሞክሩ፣ ሽቦዎቹንም 4.4 እና 2.4 ሴንቲ ሜትር እያፈራረቁ እንዲጠመጥሙ ነው የጠየቅኋቸው። አንድ ቁራጭ ቧንቧ በእሳት እያሞቁ በእንጨቱ ላይ ለመጠምጠም ሲታገሉ ደረስሁ፤ ቧንቧው በክብ መጉበጡን ትቶ እየቆየ ድንገት ይታጠፋል፣ ሲለቁትም ተስፈንጥሮ ቀጥ ይላል።

«ይኼ እሺ አይልም መምህር፤ ተሰብሮ ተሰብሮ እንጂ አልዞር አለ» አሉኝ ላባቸውን እየጠረጉ።

እጥፋቶቹን እንዳያቃኑ፣ እያንዳንዱም ከሚስማር ፊት እንዲያርፍ ብቻ እንዲያስተካክሉልኝ ጠየቅኋቸው። ዋጋው ኤች1ን ጨምሮ 4,600 ብር ሆኗል፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያስረክቡኛል።